የእትዬ ዘነበች የድንጋይ ቤት

ልጅ ሳለሁ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ እናቴ የማታ ሥራ ስትገባ እኔንና ወንድሜን የሚጠብቁን ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ነበሩ። ማታ ተረት ሲነግሩን፣ አፓርትመንት ውስጥ እሳት ከየት ይመጣል? ሳሎኑን አጨልመው የስቶቩን መብራት ብቻ ይተዉልናል፤ ያኔ ያቺ ቢጫ ብርሃን ለእኛ ፍም ነበረች።

ተረታቸው ጅብም ንጉሥም የለበትም። በወጣትነታቸው እንግሊዝ አገር የኖሩበት የድንጋይ ቤት ብቻ ነው። ግድግዳው ከመወፈሩ የተነሣ መስኮቱ ላይ ሰው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ምድጃው ጥጃ ያስገባል፤ ጣራው እንኳ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ስስ ድንጋይ ነው፤ የጠመዝማዛው ደረጃ መሃል በእግር ብዛት ጎድጉዷል። «የዚህ አገር ግድግዳማ፣» ይሉ ነበር፣ «ብትደገፊው ጎረቤትሽ ሳሎን ትወድቂያለሽ።»

እኔ የቤቱ እመቤት ነበሩ ብዬ አምን ነበር። ወንድሜ ግን፣ «ከፊልም ላይ ያዩትን ነው የሚያወሩት» እያለ ያበሽቀኛል። አንድ ቀን በትምህርት ቤት «ቤት ሥላችሁ ኑ» ስንባል፣ ያንን ቤት ሥዬ አፉን ላዘጋው ቆረጥኩ። እትዬ ኩሽናውን፣ ጓሮውን፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ነገሩኝ።

«ፊት ለፊቱስ?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ወደ ስቶቩ መብራት መለሱ። ወንድሜ ፈገግ አለ።

«እሱን እንኳ ቆሜ አላየሁትም» አሉ። «ሠራተኛ በዚያ በር አይገባም። በጓሮ ነበር የምገባው።»

የወንድሜ ፈገግታ ጠፋ። እኔም ቤቱን ከነጓሮ በሩ ሥዬ አስረከብኩ።

በኋላ ማንም ሳያስተምረኝ ከላይብረሪ ስለ ድሮ ቤቶች መጽሐፍ መልቀም ስጀምር፣ ያ የዓሣ ቅርፊት ጣራ እውነት መሆኑን አየሁ። መጻሕፍቱ ግን ቤቱን ሁሉ ከፊት ነው የሚያሳዩት፤ ጓሮ ያለው ቤት ያልተሠራ ይመስል።

አድጌ፣ ሎረል በምትባል ከተማ ቤት ስገዛ እትዬን ጠራኋቸው። እዚህ አገር አበሻ እንግዳ በጋራዥ፣ በመኪና ማቆሚያው በኩል ነው የሚገባው፤ እሳቸውም እንደ ልማዱ ወደዚያው ሲያመሩ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ፊት አዞርኳቸው። የፊቱን ግድግዳ በጣታቸው አንኳኩና ሳቁ።

«ይሄ ድንጋይ የተለጠፈ ነው እኮ!»

«ነዋ። በሩ ግን የእውነት ነው፤ ይግቡ።»

ቀሚሳቸውን አስተካክለው፣ ቀስ ብለው ገቡ።

ዛሬም ሰው ስለ ትልቅ ቤት ሲያወራልኝ፣ ስንት ክፍል እንዳለው አልጠይቅም፤ «አንተ በየትኛው በር ነው የምትገባው?» እላለሁ።