የውሃው ምራቂ

የወንድሜ የመጨረሻ ልጅ የወጣላት ስም ሌላ ነው፤ እኛ ግን ምራቂ እንላታለን። እናቷ ወልጄ ጨርሻለሁ ብላ የሕፃን ልብሱን ሁሉ ለጎረቤት ካደለች በኋላ ነው የመጣችው። ወንድሜ እርግዝናውን ሲሰማ ሳቀና «እንግዲህ ይቺ ምራቂ ናት» አለ። ሽንኩርት ሻጭ መዝኖ ከጨረሰ በኋላ ከላይ ጣል እንደሚያደርጋት አንድ ፍሬ ማለቱ ነው። ስሙ ተጣበቀባት፤ ሥራ ቦታዋም ድረስ ተከተላት። እሷም አልጠላችውም፤ እንዲያውም ዕድሜዋን ሁሉ ስሟን ስታስከብር የኖረች ይመስለኛል።

የበረራ አስተናጋጅ ናት። ሥራ ስትጀምር ጊዜው ደግ ነበር፤ ትኬት የቆረጠ ሰው ሻንጣው ይጫንለታል፣ ወንበሩን ይመርጣል፣ ሲበርደው ብርድ ልብስ፣ ሲጠማው ውሃ ይሰጠዋል። ኋላ ድርጅቱ አንድ በአንድ ይተምነው ጀመር። መጀመሪያ ሻንጣውን፣ ቀጥሎ ወንበሩን፣ ከዚያ ብርድ ልብሱን፣ በመጨረሻም ውሃውን። ወንድሜ በሕይወት ሳለ «አየሩን ምነው ረሱት?» ይል ነበር።

ምራቂ በዚህ ሁሉ መሐል ገና ያልተተመነውን ትሰጥ ነበር። እንቅልፍ ያጣች እናት እስክትበላ ሕፃኗን ትይዝላታለች፤ መብረር የሚፈራ ጎረምሳ ካየች ወሬ ታመጣለታለች። መሸጥ ላይ ግን አፏ ይተሳሰራል። ለጠማው ሰው ዋጋ መጥራት ያሳፍራታል። መጠጥና ምግብ የምትሸጥበት ጋሪ ሞልቶ ሄዶ ሞልቶ ይመለሳል። አለቆቿ ደጋግመው ካስጠነቀቋት በኋላ አንድ ተቆጣጣሪ አብሯት እንዲበር ተወሰነ። ጋሪው እንደለመደው ከተመለሰ የሥራ ውሏ አይታደስም። እሷና እናቷ ደግሞ የሚያድሩት በዚያችው ደመወዝ ነው።

እኔም በዚያ በረራ ነበርኩ፤ ልጄን ልጠይቅ እየሄድኩ። ስገባ ጎንበስ ብላ «አጎቴ፣ ዛሬ እንደማያውቁኝ ይሁኑልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። አጠገቤ ለተቀመጠው ሁሉ የወንድሜ ልጅ ናት ለማለት እየቃጣኝ አፌን ያዝኩ።

ከፊቴ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ግን ወዲያ ወደ ፊት፣ ከማያውቋቸው ሰዎች መካከል ናቸው። የሽማግሌው ዓይን ከጠፋ ብዙ አልቆየም፤ ለሕክምና ነው የሚሄዱት። ጎን ለጎን ለመቀመጥ ተጨማሪ ክፍያ እንዳለ የነገራቸው የለም። ሽማግሌው ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ሚስታቸው በአካባቢው መኖራቸውን የሚያውቁት በአንድ ቃል ነው። ከወደ ፊት «አለሽ?» ይላሉ። አሮጊቷ ከፊቴ «አለሁ» ይላሉ። ተሳፋሪው መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ለመደው። አውሮፕላኑ ሲነሳ ግን የሞተሩ ጩኸት የአሮጊቷን ድምፅ ዋጠው። ሽማግሌው ደጋግመው ጠየቁ፤ መልስ ሲያጡ ቀበቶአቸውን ፈትተው በመተላለፊያው ላይ በዳበሳ ቆሙ።

ምራቂ ሮጣ ደገፈቻቸው። አጠገባቸው ያለውን ሰውዬ ከአሮጊቷ ጋር ቦታ እንዲለዋወጥ ለመነችው። ነጋዴ መሰለኝ። ለመስኮቱ ከፍያለሁ አለ፤ እውነቱን ነው፣ ማን ይፈርድበታል? ከሁሉ ፊት ያሉት ሁለት ሰፋፊ ወንበሮች ባዶ ነበሩ። የእነሱ ዋጋ ግን ከሌላው ሁሉ የከበደ ነው፤ ተቆጣጣሪውም የተቀመጠው ልክ ከኋላቸው ነው።

እሷ ሽማግሌውን ስታረጋጋ፣ ወጣት ባልደረባዋ ጋሪውን እየገፋች እኛ ዘንድ ደረሰች። አሮጊቷ ውሃ ጠየቁ። ዋጋውን ሲሰሙ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት፤ ቀንሺ አሉ፣ አይቀነስም ተባሉ። ከፈሉ። ከዚያ የልጅቷን እጅ ያዝ አድርገው «በይ መርቂልኝ» አሏት።

ልጅቷ አፈረች። «ኧረ እማማ፣ እርስዎ ይመርቁኝ እንጂ እኔ ማን ሆኜ ነው የምመርቀው?»

«ምርቃቱንስ እመርቅሻለሁ ልጄ። በዚህ ዋጋ ሸጠሽልኝ ምራቂ የለውም ወይ ነው የምልሽ።»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። «ምራቂማ አለች» አለችና ምራቂን ከፊት በእጇ ጠራቻት።

ምራቂ መጥታ ነገሩ ሲነገራት አልሳቀችም። ምን እንድትመርቅላቸው እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። አሮጊቷ ሌላ ውሃ አልፈለጉም። «ሽማግሌዬ ዘንድ አድርሺኝ፤ ሒሳቤ ያኔ ይሞላል» አሉ።

ምራቂ አንድ ጊዜ ወደ ተቆጣጣሪው ተመለከተች። ከዚያ አሮጊቷን በክንዳቸው ይዛ ወሰደቻቸው፤ ሽማግሌውንም አስነስታ ሁለቱን ከፊት ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠችና ቀበቶአቸውን አሰረች። ሽማግሌው «አለሽ?» አሉ። አሮጊቷ እጃቸውን በሽማግሌው ጉልበት ላይ አሳረፉ።

ተቆጣጣሪው ተነሳ። «የዚህን ወንበር ማን ከፈለ?»

«እማማ ውሃ ገዝተዋል። ወንበሩ የውሃው ምራቂ ነው።»

«ለአንድ ውሃ ሁለት ወንበር? ሽንኩርት ለገዛ በሬ ይመረቃል እንዴ?»

«በሬው ሥራ ፈትቶ ባዶውን ከሚበር ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

የሰማው ሁሉ ሳቀ። ተቆጣጣሪውም ሊስቅ ዳዳውና ከንፈሩን ነከሰ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራው ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የወንበሩ ዋጋ ከደመወዟ እንደሚቆረጥ ነገራት፤ የውሉም ነገር ገና መሆኑን። አውቃለሁ አለችና ወደ ጋሪዋ ተመለሰች።

መጀመሪያ የጠራት ያ የመስኮቱ ነጋዴ ነው። «ለእኔም ውሃ። ግን ምራቂ ካልጨመርሽ አልገዛም» አላት። ከታች ሐይቁ ሲታይ መጥቼ እቀሰቅስዎታለሁ አለችው። ከኋላው ያለችው ሴት ሻይ ገዝታ ምራቂዋን ጠየቀች፤ ምራቂ ልጇን ይዛላት እስክትጠጣ ጠበቀቻት። ከዚያ ወዲያ ዝም ብሎ የገዛ የለም፤ ሁሉም እየተከራከረ ገዛ። ያ መሸጥ የሚያሳፍረው አፏ ተፈታ። የምትሰጠው ነገር ሲኖራት ዋጋ መጥራቱ አልከበዳትም። ጋሪው እኔ ዘንድ ሲደርስ የቀረው አንድ ብስኩት ነው፤ እሱንም እንደማላውቃት ሆኜ ገዛሁ። ምራቂዬን ስጠይቅ ጠቀሰችኝ።

ልናርፍ ስንል ተቆጣጣሪው ውሃ ፈለገ። ጋሪው ባዶ ነው። ምራቂ ከራሷ ኮዳ ቀድታ ሰጠችው። ኪሱን ሲዳብስ «ይሄ የቤቴ ነው፤ አይሸጥም» አለችው።

ውሏ ታደሰ። የወንበሩም ዋጋ ተቆረጠባት፤ ድርጅቱ እንደሆነ አይመርቅም። ዜናውን ለእናቷ ስትነግር እኔም ቤታቸው ነበርኩ። እናቷ ውሏ መታደሱን ሰምታ እፎይ ካለች በኋላ ስለ ቅጣቱ ጠየቀቻት።

«ወንበሩ ባዶ አልነበረም እንዴ?»

«ባዶ ነበር እማዬ።»

እናቷ ትንሽ አሰበች። «ታዲያ ለምራቂ የሚያስከፍሉሽ እነዚህ ሰዎች ገበያ ወጥተው አያውቁም?» አለችና፣ ለነገው በረራ የታጠበውን ሸሚዟን መተኮስ ጀመረች።