እንግዳ ሲመጣ

ናይሮቢ የሄድኩት ልጄ ከወለደች በኋላ ነው። ኪሌሌሽዋ በሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። የልጅ ልጄን ሥርዓት ማስተማር የእኔ ድርሻ ሆነ። ትልቅ ሰው ሲገባ ተነሥታ «ኖር» እንድትል ስንት ጊዜ ነገርኳት፤ አምስት ዓመት ሞልቷትም አልያዘችውም።

ልጄ ዘንድ የሚመጡት የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ፈረንጆች ነበሩ። መጀመሪያ ሰሞን «እማዬ፣ ደክሞሽ ከሆነ ገባ ብለሽ አረፍ በይ» አለችኝ። አልደከመኝም ነበር፤ ግን ገባሁ። ከዚያ ወዲያ መናገርም አላስፈለጋት። ደወሉ ይጮሃል፤ ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች፣ የሶፋውን ትራሶች ታስተካክላለች፣ ዞር ብላ ታየኛለች። ነጠላዬን አንሥቼ መኝታ ቤት እገባለሁ። ሕፃኗ ምንጣፉ ላይ ትጫወታለች።

አንድ ቅዳሜ ልጄ ገበያ ሄዳ ሳለ ደወሉ ጮኸ። ሕፃኗ ብድግ ብላ ቴሌቪዥኑን አጠፋች፣ ትራሶቹን መታ መታ አደረገች፣ ዞራ አየችኝ።

«ሾሾ፣ ግቢ እንጂ! ቪዚተር መጣ!» ሾሾ በዚያ አገር አያት ማለት ነው።

ገባሁ። ልጄ ቤት አለመኖሯ ትዝ ያለኝ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

የመጣችው የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ነበረች፤ ሳውዝ ሲ ከሚባል ሰፈር፣ ሁለት ማታቱ ታክሲ ለውጣ። በዚያ ከተማ እኔን ብሎ የሚመጣ ሌላ ሰው አልነበረኝም። ልጄ በክብር እንደያዘችኝ ነበር የምነግራት።

«አያትሽ አለች፣ የኔ ቆንጆ?» ስትላት ከውስጥ ሰማሁ።

«አለች። ግን እንግዳ ሲመጣ ሾሾ አትወጣም።»

ወጣሁ። ጓደኛዬ እኔን አየች፣ የወጣሁበትን በር አየች። ሻይ ጠጥተን ስለ ጾሙ አወራን።

ልጄ ስትመለስ ነገርኳት።

«እኔ እንዲህ በይ ብያት አላውቅም!» አለች ደንግጣ።

«አላልሻትም።»

«አንቺስ ማን ግቢ አለሽ? እኔ አልነበርኩ!»

ሕፃኗ እኔ ያስተማርኳት አልገባት ብሎ፣ ማንም ያላስተማራትን አንድ ሳታዛንፍ ይዛዋለች። እኔም እንደ እሷው ነኝ።

እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ጓደኛዬ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ምግብስ ይሰጡሻል?» አለችኝ።