እረፍት ላይ ያለ አሸዋ

ካዛንቺስ ውስጥ አንዲት የአፈር ላቦራቶሪ አለች፤ እዚያ ነው የምሠራው። ሥራዬ ምን መሰላችሁ? አሸዋ ግድግዳን ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚገፋ መለካት። በቃ፣ ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት! ባለመስታወት ሣጥን ውስጥ አሸዋ እንሞላለን፤ በአንድ ጎኑ ባለው የብረት ግድግዳ ላይ የተገጠመው መለኪያ ግፊቱን ይናገራል።

ባለፈው ክረምት አንድ ባለሕንፃ ከምድር ቤታቸው ግድግዳ ጀርባ የሚሞላውን አሸዋ አስጭነው መጡ። ለመኪና ማቆሚያ ያስቆፈሩት ጉድጓድ የሚያልቀው የእናቴ መኝታ ቤት ከሚጀምርበት ነው። ግድግዳው ከሳሳ እናቴ ከነአልጋዋ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የምታድረው። ይህንኑ ለአለቃዬ ነገርኩት። «እንግዲያውስ በደንብ ትለኪዋለሻ!» አለኝ።

ግድግዳው ሳይነቃነቅ የሚለካውን «የእረፍት ግፊት» እንለዋለን። ሰውዬው የውጤት ወረቀቱ ላይ ይህን ሲያነቡ ፊታቸው በራ። «እረፍት ላይ ከሆነማ አይገፋማ!»

ወይ ጉድ! አሸዋው የዓመት ፈቃድ የወጣ መስሏቸው እኮ ነው።

«ጋሼ፣ ዝም ብሎ ተቀምጧል ማለት እንጂ መግፋቱን ተወ ማለት አይደለም» አልኳቸውና መለኪያውን አሳየኋቸው። አላመኑኝም። መዘውሩን ራሳቸው ይዘው የብረቱን ግድግዳ ከአሸዋው ትንሽ አሸሹት። ቁጥሩ ወረደ። መውረዱ ልክ ነው፤ ግድግዳ ሲሸሽ ግፊት ይቀንሳል። እሳቸው ግን ሎተሪ የወጣላቸው ነው የመሰሉት።

«ይኸንን ጻፊልኝ! ግድግዳውን እናሳሳዋለን። ትንሽ ቢነቃነቅ ምን አለበት?»

«እስኪ በመስታወቱ ይዩት» አልኳቸው። የአሸዋው አናት ሰርጎድ ብሏል። «እዚህ ጋ የእናቴ አልጋ ነው።»

አዩት። አሰቡበትም፤ ማሰብ መቼም አይከለከልም።

«ታዲያ እናትሽ ትንሽ ቢነቃነቁስ?»

ደሜ ፈላ። ግድግዳው ሳይነቃነቅ የተለካውን ትልቁን ቁጥር ጻፍኩና ፈረምኩ፤ አለቃዬም ማህተሙን መታበት። ሰውዬው እየተራገሙ ወጡ። ቢራገሙም ግድግዳቸውን ማወፈራቸው አልቀረም፤ ያለእኛ ወረቀት ማን ያስገነባቸዋል?

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እናቴ ዘንድ ሄጄ ፎከርኩላት። «ከእንግዲህ ማንም አይነቀንቅሽም!» አልኳት።

በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ከጉድጓዱ ማዶ ያለው ሰፈር ለግንባታ ፈርሷል፤ አጥር እንጂ ቤት የለም።

«እሰይ የኔ ልጅ» አለችኝ። «ግን ብቻዬን ቀርቼ ከማን ጋር ልጫወት? ጎረቤቶቼ እኮ ተነቃንቀው አለቁ።»