እውነት ጽፎ ሥራ ያጣው ገምጋሚ

ሰውየው የእርዳታ ድርጅቶችን ፕሮጀክት እየገመገመ የሚኖር አማካሪ ነው። ሥራውን ሲጀምር የዋህ ነበርና አንድ አዲስ ቤተ መጻሕፍት አይቶ፣ «መደርደሪያ እንጂ መጽሐፍ የለውም» ብሎ እቅጩን ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ጭጭ አለ።

ሚስቱ ወራት ታግሣ ታግሣ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እውነትህ ድስት አልጣደልንም፤ የሚወዱትን ጻፍላቸው!» አለችው።

ምክሯን ሰማ። በሚቀጥለው ሥራው፣ ጠብታ ውሃ የማይወጣውን ቧንቧ «ኅብረተሰቡ በታላቅ ተስፋ የሚጠብቀው» ሲል ጻፈ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አቅፎ ሳመውና፣ «የአምስት ዓመት ዕቅዳችንንም አንተው አዘጋጅልን» አለው።

አሁን ሥራ እንደ ጉድ ይጎርፍለታል። ባለፈው እሁድ ሚስቱ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ «አማረብኝ?» ብትለው፣ ትክ ብሎ አያትና፣ «ጅምሩ አበረታች ነው» አላት። እስካሁን አኩርፋዋለች።