ያረምኩት ዓረፍተ ነገር

ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲንጫረር በሰማሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ምክንያቱን ለማንም አውርቼ አላውቅም፤ ላንቺ ግን ልንገርሽ።

ቢቸና አስረኛ ክፍል ነበርን። ወሩ ጥር ነው፤ በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ዴስካችንን አሙቆት እንጨት እንጨት ይሸታል። የእንግሊዝኛ መምህራችን ምሳሌ የሚያስገቡ ቃላትን እያስተማሩን ነበር። «‹ሳች አዝ› ስም ነው የሚያስከትለው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከመጣ ‹ፎር ኤግዛምፕል› በሉ» አሉና አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እንድንጽፍ አዘዙን።

ሌሎቹ ስለ ጤፍና ስንዴ፣ ስለ በግና ፍየል ጻፉ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ተራዋ ሲደርስ ተነሳችና ደብተሯን በሁለት እጇ ይዛ በእንግሊዝኛ አነበበች፦ ብዙ ሴቶች ትምህርት ያቋርጣሉ፣ ‹ሳች አዝ› እኔ እሁድ አገባለሁ።

እጄን አወጣሁ። ስህተቷን ከሁሉ ቀድሜ በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። «ቲቸር፣ ተሳስታለች! ‹ፎር ኤግዛምፕል› ነው!»

«ጎበዝ» አሉኝና ሊጽፉት ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ሁለት ቃል እንደጻፉ ጠመኔው ሲጥ ብሎ ቆመ።

«እሁድ ምን አልሽ?»

እኔም ያነበበችው ነገር ገና ያን ጊዜ ገባኝና ክው አልኩ።

«ቲቸር፣ አስተካክዬ ላንብበው?» አለች። መልስ ሳትጠብቅ ‹ፎር ኤግዛምፕል› ብላ እንደገና አነበበችው። አንድም ስህተት አልነበረውም።

ሁለት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን፣ እስክሪብቶ እየተዋዋስን፣ ትንፍሽ አላለችልኝም። በዕረፍት ሰዓት «ለምን ደበቅሽኝ?» ስላት፣ «በአማርኛ ልናገረው ብል አለቅስ ነበር» አለችኝ።

መምህሩ ያን ዕለት ከሰዓት እቤቷ ሄዱ፤ መንገዱን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። አባቷ ከመቀመጫቸው ተነስተው ተቀበሏቸው።

«አክብረው መጥተዋልና ይቀመጡ፣ መምህር። ድግሱ ግን ተደግሷል። ቃሌን አላጥፍም።»

መምህሩ ብዙ ለመኗቸው፤ አልሆነም። እሁድ ሞጣ ተዳረች።

ክረምት ላይ ዘመድ ልጠይቅ ሞጣ ስወርድ መናኸሪያው በር ላይ አየኋት። ነጠላዋ በዝናብ ርሷል፤ ፊቷ ከስቷል። ሮጣ አቀፈችኝ፤ እጄን ይዛ አልለቅም አለች።

«የአስረኛ ውጤት ወጣ?»

ውጤቴ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አልፌያለሁ።

«ገና ነው» አልኳት።

«ሲወጣ ትነግሪኛለሽ፣ እሺ?»

«እሺ» አልኳት። አልነገርኳትም።