የኮልፌ ሜክሲኮዎች

ሦስት ነበርን። እኔ ጊታር እመታለሁ፤ ኮልፌ ገበያ ልብስ የሚሰፋው ጓደኛዬ ይዘፍናል፤ ከሠራዊቱ ሙዚቃ ክፍል በጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ደግሞ ትራምፔት ይነፋሉ። ጋሼ እንላቸው ነበር።

የሜክሲኮን ዜማ ያገኘነው ከሲኒማ ቤት ነው። ቋንቋውን አንዳችንም አናውቅም። ልብስ ሰፊው ዜማውን ይይዝና ስለ አማት ቁጣና ስለ ጠፋ ዶሮ በአማርኛ ይሞላበታል፤ እኔ ከሥር ሮክ እመታለሁ። ጋሼ ትልቁን የሰሌን ባርኔጣ ደፍተው ፊታቸውን ሳይፈቱ ይነፋሉ። ሰርግ ላይ ገና ሳንጀምር ሰው ይስቃል። ከሜክሲኮ አደባባይ የመጣን የሚመስለውም ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ጋሼን ሳል ያዛቸው። አንድ ቅዳሜ አየር ጤና ስንጫወት መሐረባቸው ላይ ደም አየሁ።

«ዝም በል» አሉኝ፤ «ሙሽሮቹን እንዳታስደነግጥ።»

በሳምንቱ ሆስፒታል ተኙ።

ቃል የገባንበት ሰርግ ስለነበረ ሁለታችን ሄድን። ትራምፔቱ የሚገባበት ቦታ ላይ ስንደርስ ልብስ ሰፊው እጁን አፉ ላይ አድርጎ በከንፈሩ ነፋው። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። «ድገመው!» አሉት፤ ደገመው። እንባው ሲወርድ ሳቁ ባሰ። እንባውም የጨዋታው ክፍል መስሏቸው ነበር።

በማግስቱ ለጋሼ ነገርናቸው። ይቆጡናል ብዬ ፈርቼ ነበር።

«እስቲ አሰማኝ» አሉት።

በሽተኞቹ መሃል ቀስ ብሎ ነፋላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና፣ «መጨረሻዋን ተቻኮልክባት» አሉ። ወር ሳይሞላ አረፉ።

ከአርባቸው በኋላ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ለልጃቸው ሰርግ ጠሩን። ስንቆም ወጣቶቹ ጮኹ፦ «ያቺን የአፍ ትራምፔት!»

ልብስ ሰፊው ማይክሮፎኑን ያዘ። «የትራምፔቷ ባለቤት ሞተዋል» አለ። ሰዉ አጉረመረመ።

የሙሽሪት አባት፣ ነጋዴው፣ ተነሡ። ጉርምርምታውን በእጃቸው ጸጥ አሰኙና «አላህ ይዘንላቸው» አሉ። ከኋላ ወንበሮች «ነፍስ ይማር» የሚል ድምፅ ተከተለ። ከዚያ ወደ እኛ ጠጋ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ሐዘናችሁ ገብቶኛል። ግን ልጄን አታስከፉብኝ፤ ያገራችንን ዘፈን ዝፈኑላት» አሉን። የጉራጌ ዘፈን ያዝን፤ ሰዉ ተቀበለን። አመሻሹ ላይ ልብስ ሰፊውም ትከሻውን አንቀሳቀሰ።

የሜክሲኮውን ዜማ ግን ከዚያ ወዲህ አልነካነውም። ቆይቶ ሙዚቃውንም ተውነው፤ እኔ ጋራዥ ሥራ ገባሁ። በሱቁ በር ሳልፍ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ ሻይ ያዝልኛል፤ ስለ ልጆቹ እናወራለን።