ቃል በቃል ተነቦልኝ

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ፍኖተ ሰላም ባለችው ጠባብ የጥብቅና ቢሮዬ፣ አዲስ የገዛሁትን የአሻራ ቀለም ክዳን በጥፍሬ ፈንቅዬ ስከፍት፣ ያ እርጥብ ጨርቅና ናፍጣ የሚመስለው ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት አሮጊት አውራ ጣታቸውን ዘርግተው ይጠብቁኝ ነበር። ከጎናቸው የእህታቸው ልጅ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል፣ ሦስቱ ምስክሮች በሩ ስር ካለው አግዳሚ ላይ ተጣበዋል። ጉዳዩ ቀላል ነው፤ አሮጊቷ ማሳቸውን ለዚሁ ልጅ የሚያከራዩበት ውል፣ እኔው ራሴ የጻፍኩት። ወረቀቱን አንስቼ ላነብ ጉሮሮዬን ስጠርግ እጄን ቀስ አድርገው ያዙና «ተይው ልጄ፣ ማንበቡ ምን ያደርጋል? ልጄ እኮ ነው» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። በእሳቸው አይደለም፤ እሳቸውማ ምን አጠፉ። ያ አያያዝ ነው ያናደደኝ፤ ያ ለስላሳ፣ ሰው እንዳይከፋው የሚጠነቀቅ እጅ። ልጅ ሆኜ ቡሬ ውስጥ ሌላ እጅ ልክ እንዲሁ አድርጎ ይዞኝ ያውቃል፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

አባቴ የወረዳ ዳኛ ነበር። ከአለቆቹ ጋር አልስማማ ሲል ወንበሩን ትቶ የጥብቅና ፈቃድ አወጣና ቡሬ ከፍርድ ቤቱ ብዙ ሳይርቅ አንዲት ክፍል ተከራየ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ ጀርባው የተሰነጠቀ የሕግ መጽሐፍና ባለጉዳይ የሚቀመጥበት ረጅም አግዳሚ ነበር ንብረቱ። የቀኙ ግድግዳ ከበርበሬ ነጋዴ መጋዘን ጋር የጋራ ስለነበር በርበሬ በሚገባበት ወራት ብናኙ በጭቃው ስንጥቅ እየሾለከ ይመጣና አባቴ አንድ የሕግ አንቀጽ አስረድቶ እስኪጨርስ አራት ጊዜ ያስነጥሳል። ባለጉዳዩ በየመሀሉ ብድግ እያለ «ይማርዎ ዳኛው!» ሲል፣ አባቴ «ያኑርዎ» እያለ ሲመልስ፣ ያ ምስኪን አንቀጽ ከየት ተጀምሮ የት እንደደረሰ ለሁለቱም ይጠፋባቸዋል። ወንበሩን ከለቀቀ በኋላም ሰው ሁሉ «ዳኛው» ነበር የሚለው፣ እሱም ስሙን ይወደው ነበር።

አባቴ አንድ ደንብ ነበረው፤ አሻራ የሚያርፍበት ወረቀት ሁሉ ሳይነበብ አያልፍም። አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት መልስና በገበያ ቀን አግዳሚው ጫፍ ላይ ቆሜ እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ በየመስመሩ እቆማለሁ፣ ገበሬው «እሽ» ካላለ ወደሚቀጥለው አልሄድም። እኔን የመረጠኝ ድምፄ ስላማረ አልነበረም። ሰው ዳኛውን «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ያፍራል፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅን ለመጠየቅ ግን የሚያፍር የለም። አንድ ሽማግሌ የበሬ ሽያጭ ውል ሳነብላቸው የበሬው መልክ «ቡሬ» የሚለው ላይ ስደርስ አስቁመውኝ፣ ግራ ጆሮው ጫፍ ላይ ነጭ ነጥብ እንዳለው ካልተጻፈ አላትምም ብለው አባቴን ወረቀቱን እንደገና አስጽፈውታል። ያን ቀን አባቴ እየሳቀ «ውል ማለት ይሄ ነው» አለኝ። ኩራት ይሰማኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሠራሁት ሥራ ሁሉ ያን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

እያንዳንዱ ወረቀት መጨረሻው ላይ «ከላይ የተጻፈው ቃል በቃል ተነቦልኝ ተረድቼ አሻራዬን አኑሬያለሁ» ይላል። ይህችን መስመር አባቴ ሳያይ ነበር የሚመታት፤ ጣቶቹ ለምደዋታል።

እትዬ አንጓች የሚመጡት ከፈጠም ወንዝ ማዶ ነው። ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማያልቅባቸው ሴት ነበሩ፤ ለሁሉ ሰው የሚሰጡት አያጡም፣ ለእኔም በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩት የበቆሎ እሸት ወይም የሽምብራ ቆሎ አይጠፋም። አንድ ጊዜ ጎረቤታቸው ፍየሎቹን እርሻቸው ላይ እየለቀቀ አስቸግሯቸው ክስ ሲያስጽፉ፣ የክሱን ወረቀት ሦስት ጊዜ አስነብበውኝ፣ በሦስተኛው «የፍየሎቹን ነገር እንዲያው ደግመሽ አንብቢልኝ እስቲ» ብለው አስቀውናል። «የእኔ ዳኛ» ይሉኝ ነበር። ሦስት ጥማድ መሬት ነበራቸው፣ ከወንዙ ዳር፣ በርበሬ ያለ ማዳበሪያ የሚያወጣ ጥቁር መሬት። ከእሱ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ ምንም አልነበራቸውም። የሚያርስላቸው የሟች ባላቸው ታናሽ ወንድም ጫኔ ነው፤ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። ያኔ «አያ ጫኔ» እለው ነበር። ዛሬ አያ ለማለት አፌ አይታዘዘኝም።

አንድ የገበያ ቀን ጫኔና እትዬ አንጓች አብረው መጡ፤ ምስክሮቹን ያመጣው እሱ ነው። ከቀናት በፊት ብቻውን መጥቶ ለአባቴ የሚጻፈውን ነግሮት ስለነበር ወረቀቱ ተመትቶ ተዘጋጅቷል። ለእትዬ አንጓች የነገራቸው ደግሞ ሌላ ነው፤ እኩል ማረሱ ከእንግዲህ በጽሑፍ ካልሆነ የመሬት አስተዳደር አይቀበለውም ብሏቸዋል። አባቴ «ተስማምታችኋል?» አለ። እትዬ አንጓች «ኧረ ተስማምተናል ዳኛው፣ ምን ጠብ አለን» አሉ። ዘመዳሞች በባዕድ ሰው ፊት ስለ መሬት ዝርዝር አያወሩም፤ ነውር ነው። ስለዚህ የነገሩን ስም ማንም አልጠራም። እኔ ወረቀቱን አነሳሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ እትዬ አንጓች እጄን ያዙኝ።

«ተይው የእኔ ዳኛ» አሉኝ። «የባሌን ወንድም ሌባ አስመስዬ፣ በሰው ፊት አላስነብብበትም።»

ጫኔ አንገቱን ደፋ፣ የተከበረ ሰው መስሎ። ምስክሮቹ በእሳቸው ጨዋነት ተደስተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ ወደ ጫኔ አየ፣ ወደ እሳቸው አየ፤ ከዚያ የቀለሙን ቆርቆሮ ገፋ አደረገልኝ። ያ ሁሉ ደንብ፣ ያ ሁሉ መስመር በመስመር፣ በይሉኝታ ፊት አንዲት ደቂቃ እንኳ አልቆመም። እኔም ሁለተኛው መስመር ላይ «በስጦታ» የሚለውን ቃል አይቼው ነበር። አይቼው፣ እትዬ አንጓች ለሁሉ ሰው ይሰጡ የለ፣ ለዘመዳቸውም ሰጡ ብዬ በልጅ አእምሮዬ አመሰገንኳቸው። አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለሙ ላይ ያንከባለልኩት፣ ከዚያም ወረቀቱ ላይ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። ጣታቸው በሥራ ብዛት መስመሩ ስለጠፋ ሁለት ጊዜ አተምን።

በሚቀጥለው ክረምት ጫኔ መሬቱን አጥሮ ባሕር ዛፍ ተከለበት። እትዬ አንጓች ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ወረቀቱን አየ፤ ወረቀቱ «ቃል በቃል ተነቦልኝ» ይላል። እሳቸው አልተነበበልኝም አሉ፤ የጫኔ ምስክሮች ተነቦላቸዋል አሉ። ስለዚህ ጸሐፊው ይጠየቅ ተባለ። ጸሐፊው አባቴ ነው። አልተነበበም ካለ የሴትየዋ መሬት ይመለስ ይሆናል፤ የእሱ ፈቃድ ግን አደጋ ላይ ይወድቃል፣ «ዳኛው» የሚለው ስምም አብሮ ይሄዳል። ምስክርነቱ ሊሰማ አንድ ሳምንት ሲቀረው እናቴ ልብሴን በፌስታል ቋጥራ ደምበጫ አክስቴ ቤት ወሰደችኝ። ትምህርት አልተዘጋም፣ በዓል አልደረሰም፤ ለምን እንደምሄድ ስጠይቅ አክስትሽ ናፍቃሻለች ተባልኩ። ደምበጫ ከአክስቴ በር ላይ ተቀምጬ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፉትን አውቶቡሶች ስቆጥር፣ አባቴ ቡሬ ላይ ቆሞ፣ ምሎ፣ «እንደ ደንቡ ተነቦላታል» አለ። ማን አነበበላት ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ቢጠየቅማ አንባቢዋ በቡሬ የለችም።

ስመለስ ነገሩን ከትምህርት ቤት ልጆች ሰማሁ። አባቴን አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም። በዚህ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ፤ በእሱም በእኔም። ሌባው ጫኔ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ጫኔ ከጅምሩም ሌባ ነበር፤ አባቴ ግን ወንበሩን የለቀቀው ሐሰት አልፈርምም ብሎ ነው እየተባለ ያደግሁበት ሰው ነው። በሰው ፊት ላለማፈር ዝም ያለው አንድ ነገር ነው፤ በመሐላ የዋሸው ግን አንዲት ሴት ያላትን ሁሉ ለማጣት ስትቆም አይኗን እያየ ነው።

ፍርድ ቤቱ መሬቱን ለጫኔ አጸናለት፣ እትዬ አንጓችም ከተማ ገቡ። ሥራ ያገኙት ደግሞ የት መሰላችሁ? ከእኛ ግድግዳ ማዶ፣ በርበሬ መጋዘኑ ውስጥ፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው የበርበሬ እንጨት ሲቀነጥሱ ይውላሉ። በራሳቸው መሬት ላይ ያበቅሉት የነበረውን በርበሬ፣ አሁን የሌላ ሰው የሆነውን፣ በጣታቸው። ብናኙ ያመጣባቸውን ሳል በግድግዳው በኩል ከሰው ሁሉ ለይቼ አውቀው ነበር፤ ደረቅ፣ ሁለት ሁለቴ የሚመጣ። አንድ ቀን በራችን ላይ ሲያልፉ ቆመው አዩኝና፣ እኔ አንገቴን ስደፋ፣ «አንቺማ ልታነቢልኝ ነበር እኮ፤ እኔ ነኝ የያዝኩሽ» አሉኝ። ከነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ፈተው ሊሰጡኝ ሲሉ ሮጬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ያንን ቆሎ አለመቀበሌን ነው አሁን ከሁሉ በላይ የማዝንበት።

አባቴ ከዚያ በኋላ ማንበቡን ከእኔ ወሰደው። እያንዳንዱን ወረቀት ራሱ፣ ሁለት ጊዜ፣ በሚያስፈራ ድምፅ ያነብ ጀመር፤ ባለጉዳዩ ንባቡ ይቅር ቢለው እንኳ እየተቆጣ። ሲያነብ ፊቱን ወደ ባለጉዳዩ አያዞርም፤ ወደ ቀኙ ግድግዳ ነው። ከማዶ ያ ሳል ሲሰማ ድምፁን ይበልጥ ከፍ ያደርጋል። ንባቡ ግን ከማዶ ሆነው ለሚሰሙት አይጠቅማቸውም፣ መሬታቸውንም አይመልስላቸውም። እትዬ አንጓች ሁለት ክረምት ሳይሞላቸው በዚያው ሳል ሞቱ። አባቴ ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሞ ነበር። እሱ ሲሞት ደግሞ ቡሬ በሙሉ ወጣ፤ ዳኛው ሳያስነብብ አያስፈርምም ነበር እያለ አለቀሰ፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ዛሬም ድረስ የአባትሽን ደንብ ያዢ የሚሉኝ አሉ።

የሚገርመኝ፣ ያቺ ክፍል ትናፍቀኛለች። ማስነጠሱ፣ አግዳሚው፣ «እሽ» የሚለው የገበሬ ድምፅ ይናፍቀኛል፤ ያኔ እኔ የነበርኳት፣ እውነት የሆነ ነገር ጮክ ብላ የምታነብ ልጅ ትናፍቀኛለች። ቦታውን ሄጄ አይቻለሁ፤ መጋዘኑና ክፍሏ ፈርሰው ባለ ፎቅ ተሠርቶበታል። የፈጠም ዳሩ መሬት ግን አለ፤ ባሕር ዛፉ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ለሦስተኛ ጊዜ አድጓል፣ ከሥሩ ሣር እንኳ አይበቅልም።

ትናንት ታዲያ እጄን ከአሮጊቷ እጅ አወጣሁና «እማማ፣ ሳይነበብ አሻራ የለም» አልኳቸው። የእህታቸው ልጅ ፊቱ ጠቆረ። «ጠበቃዋ፣ የእኔን አክስት የምሰርቅ መሰልኩሽ?» አለ። ምስክሮቹ አጉረመረሙ። አሮጊቷ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፣ አፈሩ፣ በእሱ ፊት በጣም አፈሩ። እኔ ግን አነበብኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኾ ነበር መሰለኝ፤ በመንገድ የሚያልፍ ባለጋሪ ፈረሱን አቁሞ ወደ ውስጥ አየ። በየመስመሩ ቆምኩ፣ «እሽ» እስኪሉ ጠበቅሁ፣ እያለቀሱ «እሽ» አሉ። ውሉ ልክ እንደተባባሉት ነው፤ አንዲት ቃል የተደበቀበት የለም፣ ሰውየውም ደህና ሰው ነው፣ ያንን ሳላነብም አውቀው ነበር። አሻራቸውን አኑረው ሲነሱ ከበሩ ላይ ዞረው «ዘመዴን አዋርደሽዋልና ይቅርታ ጠይቂው» አሉኝ።

ከጠረጴዛዬ ተነሥቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ለሰውየው ይቅርታ ጠየቅሁ። እሱም ይሁን አለኝና ቆቡን አድርጎ አክስቱን ደግፎ ወጣ። በሩን ዘጋሁና የቀለሙን ክዳን ገጠምኩ። የአራት ደቂቃ ንባብ ላስከፋው ሰው በሰው ፊት ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። እትዬ አንጓችን ግን እስኪሞቱ ድረስ ይቅርታ የጠየቃቸው ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።